ሳይቃጠል በቅጠል፦ ያረጀ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

የጌዴኦ ቡና ከጥቅምት ጀምሮ ሲለቀም ዲላ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎና ከኮቸሬ የሚመጣው አቅራቢ፣ ደላላና ሾፌር በሞያሌው መንገድ ሲመላለስ ምሳውን የሚበላው በከተማዋ ምግብ ቤቶች ነው። በዚያ ሰሞን ምጣዱ የተቃጠለበት የምግብ ቤት ባለቤት የሚከስረው የጥገና ዋጋውን ብቻ አይደለም። እንጀራ ያጣው ደንበኛ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ የሄደ ሁሉ ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ «አሮጌው ምጣድ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ያለበት ቡናው ሳይደርስ ነው።

እንደሚታወቀው በብዙ ቤት ያረጀ ምጣድ አይጣልም። ሽቦው ሲበጠስ ይቀጠላል፣ ሸክላው ሲሰነጠቅ ይለሰናል፣ ሥራም ይቀጥላል። የመብራት ዋጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይለወጥ በቆየበት ዘመን ይህ ልማድ ብዙም አይጎዳም ነበር። ነገር ግን ታሪፉ በ2011 ዓ.ም. ተሻሻለ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ተወሰነ። በሌላ በኩል ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሽቦና ቆርቆሮ ተወዷል። የድሮው ምጣድ ወጪ ጨመረ፣ የአዲሱም ዋጋ ጨመረ። እንግዲህ «ይሠራል፣ ይቆይ» ማለትም «አርጅቷል፣ ይጣል» ማለትም ያለ ሒሳብ አያዋጣም።

የሒሳቡ መጀመሪያ ሽቦው ነው። የተበጠሰውን ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ርካሽ ጥገና ይመስላል። ይሁን እንጂ ሽቦው ባጠረ ቁጥር የሚስበው ኃይል ይጨምራል። 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ ወደ 3,900 ዋት ገደማ ይደርሳል። በ220 ቮልት ሲታሰብ ከ16 አምፒር ወደ 18 አምፒር ይጠጋል ማለት ነው። ሽቦው ከልክ በላይ ይግላል፣ ማከፋፈያውና ሶኬቱ ይጎዳሉ፣ ያው ሽቦም ቶሎ ይበጠሳል። ሁለት ጊዜ የተቀጠለ ሽቦ ሦስተኛ መቀጠል አይገባውም፤ ሙሉ በሙሉ ይለወጥ።

ሁለተኛው ጉዳይ መስመሩ ነው። ብዙ ሰው ምጣዱ አልግል ሲለው ምጣዱን ይከሳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ሙቀት በሲሶ ያህል ይቀንሳል፤ አዲስ ቢገዛም ያው ነው። አዲስ ምጣድ ለመግዛት ገንዘብ የሚቆጥር ሰው አስቀድሞ የመብራት ባለሙያ ጠርቶ፣ ምጣዱ እየሠራ ቮልቴጁን ያስለካ። ጥፋቱ የመስመሩ ከሆነ መፍትሔው ምጣድ ተራ አይገኝም።

ሦስተኛው ቆጣሪው ነው። ሌላው ዕቃ ጠፍቶ፣ ምጣዱ ከመለኮሱ በፊትና ጋገራው ሲያልቅ ቆጣሪውን አንብቦ ልዩነቱን ለእንጀራው ቁጥር ማካፈል ነው። አሮጌው ምጣድ ለመጋል ከደህናው 15 ደቂቃ የሚዘገይ ከሆነ በአንድ ጋገራ 0.9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ያባክናል። በሳምንት ሁለቴ ለሚጋገርበት ቤት ይህ በወር 8 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። በወር 26 ቀን በሦስት ምጣድ ለሚጋግር ምግብ ቤት ግን ወደ 70 ይጠጋል፤ ጋጋሪዋ በየቀኑ የምታጠፋው ሰዓት ሳይቆጠር። ይህን ቁጥር በደረሰኙ ላይ ባለው ዋጋ አባዝቶ ከአዲሱ ምጣድ ዋጋ ጋር ማስተያየት የማንም ነጋዴ ሥራ ነው።

«መብራቱን ትቼ ወደ እንጨት እመለሳለሁ» የሚልም አይጠፋም። በጌዴኦ እንጨት ዋጋው ከሸክሙ በላይ ነው። ቡናውና እንሰቱ የሚያድጉት በዛፍ ጥላ ሥር ነው፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም ይኸው መልክዓ ምድር ነው። ጥላውን ለምድጃ የሚሸጥ አካባቢ ከተማዋን የሚያኖራትን ቡና አብሮ ይሸጣል። መብራት ሲጠፋ ግን ምትክ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ምርጥ ምድጃ ይሻላል። ከሲሚንቶ የሚሠራው ይህ ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ይቆጥባል።

እንግዲህ ውሳኔው ለሁሉም አንድ አይደለም። ለራሱ ቤት ብቻ የሚጋግር ሰው፣ ሸክላው ደህና እስከሆነና ማቀፊያው እስካልበሰበሰ ድረስ፣ በአዲስ ሙሉ ሽቦ ቢያስጠግን አይሳሳትም። እንጀራ ሸጦ የሚያድር ግን ሸክላው ተሰንጥቆ፣ ሽቦው ተቀጣጥሎ እያለ «አንድ ዓመት ይግፋ» ማለቱ ቁጠባ ሳይሆን ዕዳ ነው፤ መለወጥ ይገባዋል። ሲገዛም ሻጩ ፊት አስግሎ፣ ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን በሊጥ አይቶ፣ አክንባሎው መግጠሙን አረጋግጦ ይክፈል። ዓይን የማያወጣ እንጀራ የሚጋግር ምጣድ አዲስ ስለሆነ ብቻ አይወደስም።

ቡናው ሲደርስ በዲላ ለምጣድ ጠጋኝ ወረፋ የሚጠብቅ ባለ ምግብ ቤት፣ ወረፋውን የሚከፍለው ከገበያው ላይ ነው። ሒሳቡን በነሐሴ የጨረሰ ግን በጥቅምት እንጀራውን ይሸጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።