መሬት ለረጋጩ

እሑድ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሲኤምሲ ወደ አያት የሚሄድ ሰው እኛን ሳያይ አይቀርም። ሄልሜት ደፍተን፣ ከገላችን የተጣበቀ ቁምጣ ለብሰን፣ ጎማው እንደ ትራክተር ጥርስ ያወጣ ብስክሌት ይዘን እንሰባሰባለን። አንዳንዶቻችን ብስክሌቱን በመኪና ጭነን ነው የምንመጣው። እግራችንን ለማንቀሳቀስ ነዳጅ እናቃጥላለን ማለት ነው። አያት ደርሰን ማኪያቶ እንጠጣለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ከዚያ አስፋልቱን ጥለን ወደ እርሻው እንገባለን።

«እንገባለን» ያልኩት አውቄ ነው። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ፣ ከቦሌ አራብሳም ወዲያ፣ በማሳና በማሳ መካከል የሚጥመለመሉ ቀጫጭን መንገዶች አሉ። በእኛ በባለብስክሌቶቹ ቋንቋ «ሲንግልትራክ» ይባላሉ፤ አንድ ብስክሌት ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ማለት ነው። ለብስክሌት ወዳጅ ከዚህ የሚጥም ነገር የለም። ገበሬው ደግሞ ያንኑ መንገድ «የእግር መንገድ» ይለዋል። የዛሬው ጭቅጭቄ በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ያለ ነው። ጭቅጭቄም ከሌላ ከማንም ጋር ሳይሆን ከጓደኞቼና ከራሴ ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ታኅሣሥ፣ ጤፍ ታጭዶ ተከምሮ ሳለ፣ አምስት ሆነን ከቦሌ አራብሳ ማዶ ባለው ሜዳ እንወርድ ነበር። ከፊት የሚመራን ጓደኛችን ክብ፣ ልሙጥ፣ ሣር የሌለው ቦታ አየና «እዚህ ላይ አንድ ዙር!» ብሎ ገባበት። ተከተልነው። አንድ ሁለት ዙር ዞርን። አንደኛው ፍሬን ይዞ የኋላ ጎማውን አንሸራተተ፤ አቧራው አምሮ ወጣ፤ በስልክ ተቀረጸ።

ያ ቦታ አውድማ ነበር። እኔ የገበሬ የልጅ ልጅ ነኝ። አውድማ መሆኑን አላወቅህም ወይ ብትሉኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ አውቄአለሁ። አውቄ ዞርኩ።

አንድ ሽማግሌ ከክምሩ ጥላ ተነሥተው መጡ። ዱላ አልያዙም፤ አልጮሁም። መሬቱን ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳበሱና «ልጆቼ፣ ጫማችሁን እንኳ ብታወልቁ ምን ነበረ?» አሉን። ከመካከላችን አንዱ ሳቀ። ሰውየው ግን አልቀለዱም። «እኛ በባዶ እግራችን ነው የምንገባበት» አሉ። ሣሩን ፍቀው፣ ውሃ አርከፍክፈው፣ እበት ለቅልቀው፣ በፀሐይ አድርቀው ያዘጋጁት ነው። ጎማችን ልስኑን ልጦት አፈሩ ወጥቷል። እዚያ ላይ ጤፍ ቢወቃ አፈሩ ከእህሉ ጋር ይቀላቀላል። ጤፍን ከአፈር መለየት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እንጀራ የበላ ሁሉ ያውቃል። ቦሌ ምግብ ቤት ተቀምጠን አንዲት ቅንጣት አሸዋ ጥርሳችን ላይ ስትንኮሻኮሽ አስተናጋጁን ጠርተን የምንቆጣው እኮ እኛው ነን!

ይኼኔ ሁለት ዲግሪ ያለው ጓደኛችን አፉን ከፈተ። «አባባ፣ መሬቱ የመንግሥት አይደል እንዴ?»

ሽማግሌው ትንሽ ዝም ብለው አዩትና «አውድማውስ?» አሉት።

መልስ አላገኘንም። ብስክሌታችንን ይዘን ሄድን። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

እስቲ ከጓደኛዬ ዲግሪ እንጀምር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ታወጀ። ዛሬም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ጓደኛዬ እስከዚህ ድረስ አንብቧል። የቀረውን ግን ዘለለው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ ገበሬው ከመሬቱ እንዳይነቀል ዋስትና ተሰጥቶታል። ዝቅ ብሎ ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው ይላል። ሽማግሌው «አውድማውስ?» ሲሉ ሕገ መንግሥት አልጠቀሱም። ነገር ግን ከባለ ሁለት ዲግሪው ይልቅ የሕጉ መንፈስ እርሳቸው ዘንድ ነበር። አፈሩ የማንም ይሁን፣ የተለቀለቀው እበት የእርሳቸው ላብ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። የእግር መንገድ ማን ሠራው? መንገዶች ባለሥልጣን አልሠራውም። ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ ወደ ገበያ የሚነዳ አህያ፣ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሽማግሌ ነው የሠራው። ከዚህም በላይ የሠሩት ሁለቱ ባለማሳዎች ናቸው። ወዲህ ያለው ግማሽ እርምጃ፣ ወዲያ ያለው ግማሽ እርምጃ ለቀው፣ የሰው መተላለፊያ ይሁን ብለው ተዉት። መንገዱ ቀጭን የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ስንዝር ጤፍ ሊበቅልበት የሚችል መሬት ነው። እኛ «ሲንግልትራክ» ብለን የምናደንቀው ቅጥነት የሁለት ድሆች ልግስና ልክ ነው።

በዚህ ልግስና ላይ ምን እናደርጋለን? ጭቃ ስናገኝ ወደ ጎን ወጥተን በማሳው ጠርዝ እናልፋለን። ቀጥሎ የሚመጣውም የእኛን ዱካ ይዞ ያልፋል። ክረምት ሲወጣ ቀጭኑ መንገድ ሁለት ሦስት ሆኖ ይገኛል። ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ ቤት የሠራ ሰው የእነዚህን ሜዳዎች አፈር ያውቀዋል። ጥቁሩ ኮትቻ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የቤት ግድግዳ እስከ መሰንጠቅ የሚደርሰው በዚህ ጠባዩ ነው። በርጥቡ ወቅት ጎማ ሲያልፍበት ቦይ ይወጣለታል። ቦዩ ተዳፋት ላይ ከሆነ የሚቀጥለው ዝናብ ይገባበትና አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ጤፍ በሚዘራበት ጊዜ የአንድ እሑድ ደስታችን የአንድ ሰው ዘር ጠራጊ ሊሆን ይችላል።

እንስሳቱንም አንርሳ። ብስክሌት ድምፅ የለውም። ቁልቁል እየበረርን ከኋላ ስንደርስበት የተጫነ አህያ ይደነብራል። አንድ ቀን ጀሪካን የጫነ አህያ በእኛ ደንግጦ ሲገለበጥ አይቻለሁ። ሴትዮዋ ከሩቅ የቀዱት ውሃ ፈሰሰ። ከመካከላችን አንዱ «ይቅርታ እናቴ!» ብሎ ጮኸ። ሲጮህ ግን ፔዳል መምታቱን አላቆመም። ይቅርታ በሰዓት በሠላሳ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጠየቃል እንዴ?

ብዙ ጊዜ የምሰማውን ክርክር እዚህ ላይ ላንሣው። «እኛ ምን አደረግን? ገበሬውን ያፈናቀለው ኮንዶሚኒየሙና ፋብሪካው ነው። ይኼም ሜዳ ዛሬ ነገ መፍረሱ አይቀርም» ይላሉ ጓደኞቼ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነትነት አለው። የከተማዋ ምሥራቅ እንዴት እንደተለወጠ ያየን ሰዎች ነን። ሰሚት፣ ጎሮ፣ አያት፣ አራብሳ፣ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሁሉም ትናንት ማሳ ነበሩ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ከመሬቱ ለዘለቄታው የሚነሣ ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። ልጁ፣ የልጅ ልጁ የሚያርሰው መሬት በአሥር ዓመት ሒሳብ ተዘጋ ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማባዣውን ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው። የከተማዋንና የዙሪያዋን ኦሮሚያ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በመቃወም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት ሰው እንደሞተና ዕቅዱ በጥር 2008 ዓ.ም. እንደተሰረዘም አንዘነጋም።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ያስደነግጠኛል። «መፍረሱ አይቀርም» የሚለው ቃል ራሱ አፍራሽ ነው። አንድን ሜዳ ባዶ አድርጎ ማየት የሚጀምረው ዶዘሩ ሲመጣ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። እሑድ እሑድ የሚመጣ፣ ገበሬው ማን እንደሆነ የማይጠይቅ፣ አውድማውን ሜዳ፣ ድንበሩን መዝለያ፣ የሰውን ኑሮ «ቪው» ብሎ የሚጠራ የተማረ ሰው ሲበዛ፣ ያ ቦታ በከተሜው ልብ ውስጥ ቀድሞ ባለቤት አልባ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ካርታ የሚያነሣው ሠራተኛ ሲመጣ ማንም «እዚህ ሰው አለ» አይልም። እኛ ዶዘር አልነዳንም፤ መንገዱን ግን አለሰለስን።

«ስፖርት ይደግ እንጂ!» የሚሉም አሉ። ይደግ! ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ስትሰለፍ ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችም ልካለች። ጽጋቡ ገብረማርያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ብስክሌት የኋላ ታሪክ ያለው ስፖርት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ነገር ግን ስፖርት የሚያድገው በሰው አውድማ ላይ ነው ያለው ማን ነው?

የተራራ ብስክሌት የተጀመረበትን አገር እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል ኮረብታማ አካባቢ ወጣቶች አሮጌ ብስክሌት እያጠናከሩ ቁልቁል ሲወርዱ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። እነርሱም በመጀመሪያ እንደኛው ከእግረኛና ከፈረሰኛ ጋር ተጣልተዋል፤ ከብዙ መንገድም ታግደዋል። ከዚያ ግን ተደራጁ። እ.ኤ.አ. በ1988 የመሠረቱት ዓለም አቀፍ ማኅበር ከሚያስተምራቸው ደንቦች መካከል «ክፍት በሆነ መንገድ ብቻ ንዳ»፣ «ዱካ አትተው»፣ «እንስሳ አታስደንግጥ» የሚሉ ይገኙበታል። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ሕግ ማንም ሰው በእግሩም በብስክሌቱም በሰው መሬት ላይ እንዲያልፍ ሰፊ መብት ሰጥቷል። ያ ለጋስ ሕግ እንኳ ሰብል የተዘራበትን ማሳ ከመብቱ አውጥቶታል። እኛ የነፃነቱን ወሬ ሰምተን ብስክሌቱን አስመጣን፤ ደንቡን ግን ጉምሩክ ላይ ረሳነው።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እኛ የባስነው በሚያውቁን አገር ነው። ልጆቹ «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ሲሮጡ እጃችንን እናውለበልብላቸዋለን፤ ፎቶ እናነሣቸዋለን፤ ስማቸውን አንጠይቅም። ቦሌ ላይ የሰው አጥር ዘለን ብንገባ ዘበኛው ምን እንደሚያደርገን እናውቃለን። እዚያ አጥር የለም፣ ዘበኛም የለም። አጥር አለመኖሩን ግብዣ ነው ብለን ተረጎምነው። ከኮተቤ መንገድ ላይ «ወሰን» የሚባል ሰፈር አለ፤ በየሳምንቱ እናልፈዋለን፤ ስሙን ግን አንሰማውም።

ታዲያ ብስክሌቱን እንስቀለው? አላልኩም። የምለው ይህ ነው፦ አንደኛ፣ ከሰኔ እስከ ጥር ዘርና አዝመራ ያለበትን ማሳ እንተወው። በዚያ ጊዜ ኮረብታና ጫካ አለ፤ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋር የተሠራ የብስክሌት መስመርም አለ። ሁለተኛ፣ ከአህያ፣ ከበሬና ከሰው ጋር ስንገናኝ እንውረድ። መውረድ ሦስት ሰኮንድ ነው። ሦስተኛ፣ በየሳምንቱ የምናልፍበት መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን ባለማሳዎች ፈልገን ፈቃድ እንጠይቅ፤ በቡድን ተደራጅተንም ክፍያ ተስማምተን እንክፈል። ለአንድ ጎማ ስንት ሺህ ብር የምናወጣ ሰዎች የመንገዱን ዋጋ ስንጠየቅ «ተፈጥሮ ነፃ ነው» ማለት አያምርብንም። ክፍያው ሌላም ጥቅም አለው። ስሙን የምታውቀው፣ የተዋዋልከው፣ ቡናውን የጠጣህለት ገበሬ ነገ ሊነሣ ነው ቢባል ዝም አትልም። ዝም ብትል እንኳ ዝም ማለትህን ታውቀዋለህ።

እኔ በሳምንቱ ብቻዬን፣ ያለ ሄልሜትና ያለ ብስክሌት፣ ወደዚያ ሜዳ ሄድኩ። ሽማግሌው አውድማውን እንደገና ሊለቀልቁ እበት ያቦኩ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እግዜር ይቅር ይበል፣ ውሃውን አቀብለኝ» አሉኝ። አቀበልኳቸው። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ስንለቀልቅ ዋልንና «ምርቱ ከገባ በኋላ ኑ፤ ያን ጊዜ ሜዳው የከብት ነው፣ የእናንተም ይሁን» አሉኝ። ፈቃድ ማግኘት ይህን ያህል ቀላል ነበር።

ይህንን ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። ሁለቱ ተስማሙ። ባለ ሁለት ዲግሪው ግን «ስሜታዊ ሆነሃል» ብሎኝ ከእኔ ጋር መንዳት ትቷል። እርሱ አሁንም እሑድ እሑድ ያልፋል፤ ማንም አልከለከለውም። «መሬት ላራሹ» የተባለበት አገር ላይ «መሬት ለረጋጩ» ብሎ በኩራት የሚሄድ ሰው ሳይ፣ የሽማግሌውን ጥያቄ ከኋላው ልጮህበት እፈልጋለሁ፦

አውድማውስ?