በእጅ የተሳለ ብዕር ሲገዙ

ዋጋው ያስደነግጣል። ስለዚህ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ ይወቁ። ጃፓኖች «ማኪ-ኤ» የሚሉት ጥበብ «ኡሩሺ» በተባለ የዛፍ ሙጫ ሥዕሉን ስሎ፣ ሙጫው ሳይጠነክር የወርቅ ብናኝ መነስነስ ነው። የሚገርመው ሙጫው የሚጠነክረው ፀሐይ ላይ ሳይሆን ሞቃትና እርጥበት ባለው ቦታ ነው። መቀባት፣ መጠበቅ፣ መወልወል፣ እንደገና መቀባት፤ ለአንድ ብዕር ወራት ሊፈጅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1918 የተመሠረተው ፓይለት «ናሚኪ» በሚል ስም የሚሸጣቸው ብዕሮች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው።

ታዲያ «ማኪ-ኤ» የተባለ ሁሉ በእጅ የተሳለ አይደለም፤ በማተሚያ የሚሠራም አለ። ሻጩ ሁለት ተመሳሳይ ብዕሮች ካሉት ጎን ለጎን አድርገው በማጉያ መነጽር ይዩአቸው። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ዓይነት ከሆነች ኅትመት ነው። የሠዓሊውን ፊርማም ይፈልጉ። ኅትመቱን መግዛት ነውር የለውም፣ በእጅ ሥራ ዋጋ መግዛት ነው እንጂ።

ከገዙት ይጻፉበት። የወርቅ ጫፉ በወረቀቱ ላይ በራሱ ክብደት ይሄዳል፤ እንደ ተራ እስክሪብቶ አይጫኑት። ቀለም ሞልተው ለወራት አይተዉት፣ ይደርቅበታል። ሲያጥቡት ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። አልኮል አያስነኩት፣ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት አጠገብም አያስቀምጡት፤ ኡሩሺ ብርሃን ይጎዳዋል። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አይክተቱት።

«አንዴ ልፈርምበት» ለሚልዎ ሰው ደግሞ ሌላ እስክሪብቶ ይያዙ።