አሳቢ ሠራተኛ የጠፋው ለምንድን ነው?

ሹማምንት በተሰበሰቡበት ሁሉ ከሚሰሙት አቤቱታዎች ዋነኛው፣ «ሠራተኛው አያስብም፤ ካልታዘዘ አይሠራም፤ ከራሱ አዲስ ነገር አያፈልቅም» የሚለው ነው። አቤቱታውን የሚያሰሙት ሰዎች ሠራተኛው ሐሳብ የሌለው ሆኖ የተወለደ ያስመስሉታል። እኔ ግን ክሱ የቀረበው በማይገባው ሰው ላይ ነው እላለሁ። እውነተኛው ተከሳሽ የሚገኘው ከሳሹ ራሱ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ነው።

ይህ «አያስብም» የተባለው ሰው ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ የሚያደርገውን መመልከት ይበቃል። የዕድሩን ሒሳብ ሳያዛንፍ ይይዛል፤ የዕቁብ ዳኛ ሆኖ ጠብ ያበርዳል፤ ወር በማያደርስ ደመወዝ ልጆች ያስተምራል። ይህ ሁሉ ብልሃት ካልሆነ ብልሃት የሚባለው ምንድን ነው? ጠዋት ግን ሰዓት ፊርማውን ሲፈርም ብልሃቱን ከጃንጥላው ጋር በበሩ ማዕዘን ያኖረዋል፤ ማታም አንሥቶት ይሄዳል።

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ባልንጀራ አለኝ። ባለጉዳዮች ፋይላቸው እስኪገኝ ሁለትና ሦስት ቀን ሲመላለሱ እያየ ስለ ተቸገረ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየቈየ የስም ማውጫ አዘጋጀ። የባለጉዳዩን ስም ከነአባቱ፣ የመዝገቡን ቍጥርና የመደርደሪያውን ምልክት በፊደል ተራ በአንድ ደብተር ጻፈ። ሲጨርስም ለአለቃው አቀረበ። አለቃው ደብተሩን ሳይገልጥ፣ «ማን አዘዘህ?» አለው።

«ማንም አላዘዘኝም፤ ለሥራው ይበጃል ብዬ ነው እንጂ።»

«እንግዲያውስ ያልታዘዝከውን ከምትሠራ የታዘዝከውን ጨርስ።»

ደብተሩ ዛሬም በመሳቢያ ውስጥ ነው። ባልንጀራዬ ተቀይሞ ዝም አለ፤ እርሱስ ደመወዙን ይቀበላል። የዚያችን ጥያቄ ዋጋ የሚከፍሉት ከገጠር መጥተው ለማደሪያ እየከፈሉ ፋይላቸው እስኪገኝ የሚጠብቁት ናቸው። በዚያ ክፍል የነበሩት ሌሎች ስድስት ሠራተኞችም ነገሩን ሰምተዋል፤ አለቃው በአንዲት ቃል የሰባት ሰው አፍ ዘጋ። ከዚያ ወዲህ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» የሚለው ተረት በዚያ ክፍል የሥራ መምሪያ ሆኖአል። በዓመቱ መጨረሻ ይኸው አለቃ፣ «ሠራተኞቼ ተነሣሽነት የላቸውም» ብሎ ሪፖርት ቢጽፍ ማን ይደነቃል?

ይህ የአገራችን ጠባይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር፣ በካሊፎርኒያ፣ ፍሪሞንት በተባለች ከተማ ጄኔራል ሞተርስ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ነበረው። የፋብሪካው ሠራተኞች በቀሪነት፣ በስካርና ከአለቆቻቸው ጋር በመጣላት ስማቸው የጠፋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ፋብሪካው ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1984 ግን ከጃፓኑ ቶዮታ ጋር በሽርክና ተከፈተ፤ አስተዳደሩንም ቶዮታ ያዘ። ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው የተነቀፉት ሠራተኞች ነበሩ፤ ማኅበራቸውም ያው የቀድሞው ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ የሚሠሩት አውቶሞቢል በጥራት ከጃፓኑ ጋር የሚወዳደር ሆነ፤ ቀሪውም እጅግ ቀነሰ።

ምን ተለወጠ? አንደኛው ነገር ገመድ ነው። ማንም ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ በአጠገቡ የተንጠለጠለውን ገመድ እንዲስብ ሥልጣን ተሰጠው፤ ችግሩም ወዲያው ካልተፈታ የሥራው መስመር በሙሉ ይቆማል። ገመዱ ሲሳብ አለቃው የሚመጣው «ምን ልርዳህ?» ለማለት ነው። ቀድሞ መስመሩን ማስቆም እንደ ታላቅ ጥፋት ይቈጠር ነበር። ያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢዘጋም፣ ያንኑ ሰው ሰነፍም ትጉም የሚያደርገው የአመራሩ ጠባይ እንደ ሆነ አሳይቶ አልፎአል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ ዐውቃለሁ። «የመንግሥት ሥራ በሕግና በደንብ የሚሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ጸሐፊ እንደ መሰለው ቢፈጥር ፍርድ ይጓደላል» ይባላል። ተቃውሞው ከባድ ነው። የጉዳዩን ውሳኔ ጸሐፊ ይፍጠር የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን አንዱን የመታወቂያ ግልባጭ ባለጉዳዩ ለሦስት ክፍሎች ሦስት ጊዜ ያቅርብ የሚለው የትኛው ዐዋጅ ነው? ይህ ሕግ አይደለም፤ ዕድሜ ያገኘ ልማድ ነው እንጂ። በዚያ ላይ በቶዮታ ፋብሪካ የእጅ እንቅስቃሴ ሳይቀር በጽሑፍ የተደነገገ ነው፤ ድንጋጌው የሚጻፍበት አንዱ ምክንያት ግን ሠራተኛው የሚሻል መንገድ ሲያገኝ ከምን እንደሚሻል እንዲታወቅ ነው።

ቶዮታ ሠራተኞቹ ሐሳብ የሚያቀርቡበትን ሥርዓት የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ ያየውም በአሜሪካ በፎርድ ፋብሪካ ነው። ለትንሹ ሐሳብ እንኳ አነስተኛ ሽልማት ይሰጣል። እኛም እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩትን አቋቁመን ትምህርቱን ወደ አገራችን አስገባን። በደኅና የያዙት ድርጅቶች መኖራቸውን አልክድም። በብዙ ቢሮዎች ግን ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰመረ፤ ጠረጴዛው ተወለወለ፤ አለቃው እንደ ነበረ ቀረ። መስመር መሥመር ቀላል ነው፤ የሚከብደው የበታች ሠራተኛን ሐሳብ ተቀምጦ መስማት ነው፤ (መስመሩን ያሰመሩትም በትእዛዝ መሆኑ አይዘንጋ)።

በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ተሰቅሎአል። ቍልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ መጨረሻ የተከፈተውም መቼ እንደ ሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። እኔ የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ሣጥኑ በየወሩ በሠራተኞች ፊት ይከፈት፤ ሐሳብ ያቀረበ ሰው በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያግኝ፤ ሐሳቡን የማይቀበል አለቃም ምክንያቱን ጽፎ ይፈርምበት። ሠራተኛው ለእያንዳንዷ ወረቀት ሲፈርም ይውላል፤ አለቃው ለ«አይሆንም» ቢፈርም ምን ይከብደዋል?