ላስቲኩ መነሳት ያለበት ቀን

ከድሬዳዋ ከተማ ወደ ገጠሩ ዋሂል በሚወስደው መንገድ ላይ የሚመላለሰው መኪና አብዛኛው የሥራ መኪና ነው። ሰው ይጭናል፣ እህል ይጭናል፣ ፍየል ይጭናል፣ የውሃ ጀሪካን ይጭናል። ልብ ብሎ ላየ ሰው ግን ከእነዚህ ብዙዎቹን የሚያመሳስል ነገር አለ። ኮፈኑ ላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ የበሩ እጀታ ሥር፣ አንዳንዱም ጣሪያው ላይ ላስቲክ ተለጥፏል። ሲለጠፍ እንደ ውሃ የጠራ ነበር፤ ዛሬ ቢጫ ሆኗል። ጠርዙ ተገልብጦ አቧራ ይዟል፣ መሐሉ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ባለቤቱን «ለምን አታነሳውም?» ብትሉት መልሱ «ቀለሙን ይጠብቅልኛል» የሚል ነው።

ይህን መልስ አቃልዬ ማለፍ አልፈልግም። በእኛ አገር መኪና የቤተሰብ ጥሪት ነው። ከቀረጥና ከግብር ጋር ተደማምሮ ዋጋው ለአንድ ሰው ትከሻ ከባድ ስለሆነ የሚገዛው በዕቁብ፣ በብድር፣ ከውጭ አገር ዘመድ በሚመጣ ብር ነው። ሲሸጥም ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀለሙ የፋብሪካ መሆኑን ነው። «ላስቲኩ ያልተነሳ» የሚባል መኪና በገበያችን ዋጋ አለው። እንዲህ ያለ ንብረት የያዘ ሰው ጭረት ቢፈራ አይፈረድበትም።

ችግሩ ላስቲኩ ዕድሜ ያለው መሆኑ ነው። ዕድሜው ካለፈ በኋላ ቀለሙን የሚያበላሸው ያው ላስቲክ ይሆናል።

መጀመሪያ ነገሩን እንለይ፤ ሁሉም በአንድ ስም «ላስቲክ» ስለሚባል ብዙ ጥፋት የሚመጣው ከዚያ ነው። አንደኛው ነጭ ላስቲክ ነው። አዲስ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ በመርከብና በወደብ ላይ ቀለሙን ከጨውና ከአቧራ እንዲከልል ኮፈኑና ጣሪያው ላይ የሚለጠፍ፣ ለጉዞ ብቻ የታሰበ ሽፋን ነው። መኪናው ገዢው እጅ ሲገባ መነሳት አለበት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በብዛት እየመጡ ነው፤ ይህ ነጭ ላስቲክም አብሯቸው ይመጣል። መኪኖቹ የሚገቡበት የጅቡቲ ወደብ ለድሬዳዋ ቅርብ ነው። 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወስደው የድሬዳዋ–ደወሌ አስፋልት ከተከፈተ ዓመታት ተቆጥረዋል። ነጩን ላስቲክ እንደ ጌጥ ይዞ የሚከርም መኪና ባየሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ የመንገድ ልብሱን አላወለቁለትም።

ሁለተኛው ባለቤቱ ቀለሙን እንዲከላከልለት የሚያስለጥፈው፣ ፒፒኤፍ የሚባለው ነው። የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል የሚለጠጥ ፕላስቲክ ሲሆን ውፍረቱ ከ0.15 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መነሻው የጦር ሜዳ ነው። አሜሪካኖች በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሄሊኮፕተር ክንፍ በአሸዋና በፍርስራሽ እየተበላ ሲያስቸግራቸው የለጠፉት መከላከያ ነበር፤ ወደ መኪና የመጣው በኋላ ነው። ጥሩው ዓይነት በአግባቡ ከተያዘ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል። ከእነዚህ በታች ደግሞ በፒፒኤፍ ስም የሚሸጥ ርካሽ ስቲከር አለ፤ እሱ ፀሐይ ፈጽሞ አይችልም።

ድሬዳዋ ደግሞ የፀሐይ አገር ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ በግንቦትና በሰኔ የምትግል ከተማ ናት። ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ጥላው ወደ በርጫው ሲገባ መኪናው ውጭ ይቀራል። የሞቀ ቆርቆሮ እጅ አያስነካም፤ በላዩ ያለው ላስቲክ በዚያ ትኩሳት በየቀኑ ይበስላል። ፀሐዩ የፕላስቲኩን ጉልበት ያደክመዋል፣ ማስቲሹን ያደርቀዋል። የደረቀ ማስቲሽ ከላስቲኩ ይልቅ ቀለሙን ይይዛል። ላስቲኩ ሲኮማተር ጠርዙ ይነሳል፤ በተነሳው ጠርዝ የገባው አሸዋ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ቀለሙን ይፍቃል። ባለቤቱ ከላይ ሲያይ የተጠበቀ ይመስለዋል።

በመጨረሻ ሰውየው ሊያነሳው ይወስናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሊሸጠው ሲል ነው። መኪናውን ላቫጆ ይወስዳል። እዚያ ያሉት ልጆች ሥራ አይንቁም፣ ያገኙትን ይሠራሉ። ግን ማንም አላስተማራቸውም። ምላጭ ያወጣሉ፤ በምላጭ ያልሄደውን በቤንዚን፣ በቤንዚን ያልሄደውን በቲነር ያሻሉ። ጓንት የለም። እጃቸው ተሰነጣጥቆ ነጭ ሆኖ አያለሁ። የቤንዚን ትነት ቀኑን ሙሉ ይስባሉ፤ ከጎናቸው ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይጠፋም። የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው በእነሱ ጤና ነው፤ ለባለ መኪናው ደግሞ የተጫጫረ ኮፈን ይተርፈዋል። ከዚያ ባትላሜራ ቤት ይገባል፣ የፋብሪካ ቀለሙም ታሪክ ይሆናል።

ሥራው ግን ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ነው። መኪናው በደንብ ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይቁም። ላስቲኩ በእንፋሎት ወይም በሙቅ አየር ይለስልስ፤ ሌላ ነገር ከሌለ የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል። ሙቀቱ እጅ ለአፍታ የሚችለው መሆን አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ መቅረትም የለበትም፤ የፕላስቲክ ፓራውልት በቀላሉ ይጣመማልና። ጠርዙ በጥፍር ወይም በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳ፤ ብረት አይቅረብ። ዋናው ብልሃት አጎታተቱ ላይ ነው። ላስቲኩን ወደ ላይ፣ ወደ ራስ መሳብ ቀለም ያነሳል። ወደ ኋላ አጥፎ፣ ከቆርቆሮው ሳይርቁ፣ በዝግታ መሳብ ነው። አልላቀቅ ሲል እንደገና ማሞቅ እንጂ ጉልበት መጨመር አይደለም። የሚቀረው ማስቲሽ በሞቀ የሳሙና ውሃ ረጥቦ ይለስልሳል፤ የማይለቀው ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል፣ መጀመሪያ በተደበቀ ቦታ ተሞክሮ፣ በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳል። አንድ ኮፈን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መኪናው ከዚህ በፊት ተጋጭቶ በስቱኮ ተሞልቶ የተቀባ ከሆነ ያ ቀለም እንደ ፋብሪካው አጥብቆ አይዝም፤ ላስቲኩ ይዞት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ባለቤቱ የሚያውቀውን ከሠራተኛው መደበቅ የለበትም። ልጁ የሠራው ጥፋት ተደርጎ ከዕለት ገቢው ሲቆረጥበት ማየት የለብንም። ያላበላሸውን ማስከፈል በደል ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ዋሂል ላይ የሚያሳስበኝ ግን የተነሳው ላስቲክ የሚሄድበት ነው። ከመኪና የተላጠ ላስቲክ እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ መንገድ ዳር ይጣላል። በአንድ በኩል ማስቲሽ ስላለበት አቧራና ቅጠል ይይዛል፣ ከቁጥቋጦ ይጣበቃል፣ አይበሰብስም። የዋሂል ሰው ኑሮ ከብት ነው፣ ፍየል ነው፣ ማሽላ ነው። ፍየል ያገኘችውን ትቀምሳለች። የዋጠችው ፕላስቲክ ሆዷ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሳር ስትበላ ቦታ ታጣለች፤ ትከሳለች፤ ምን እንደነካት ሳይታወቅ ትሞታለች። የመኪና ቀለም ለማዳን የተገዛ ላስቲክ መኪና የሌለውን ሰው ፍየል ይገድላል። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም።

ፍየል ያልነካውን ደግሞ ጎርፍ ይወስደዋል። የዚህ አካባቢ ወንዞች አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ናቸው፤ ሲሞሉ ግን በአንድ ሌሊት ነው። ድሬዳዋ ይህን በሐዘን ታውቀዋለች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ያን ጎርፍ ፕላስቲክ አመጣው አልልም። ግን ውሃ ማሳለፊያ ቱቦ የሚደፍን ነገር በወንዝ ዳር መጣል፣ ያን ሌሊት ላየች ከተማ የሚገባ አይደለም።

ሕግ የለንም እንዳይባል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ነበረን፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ሰው ስለ ፌስታል መነጋገር ጀምሯል፣ ደግ ነው። የመኪና ላስቲክ ግን በማንም አፍ ላይ የለም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። መኪና አስመጪው ርክክብ ሲያደርግ ነጩን ላስቲክ እዚያው ያንሳ፣ ይሰብስብም። ፒፒኤፍ የሚለጥፍ ቤት የለጠፈበትን ቀንና የሚነሳበትን ዓመት ጽፎ ለባለቤቱ ይስጥ። የሙያ ማሠልጠኛዎች ለላቫጆ ልጆች የአንድ ቀን ትምህርት ይስጡ፤ ባለ መኪናም የጓንቱን ዋጋ ሒሳቡ ላይ ይጨምር። ከዋሂል ወደ ከተማ የሚመለሰው መኪና ብዙ ጊዜ ቦታ አለው፤ የተላጠው ላስቲክ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ከኋላ ይጫንና የከተማው ቆሻሻ ማከማቻ ድረስ ይሂድ።