መቀነሱስ ተቀነሰ፤ ከዚያ በኋላስ?

«በ30 ቀን ቦርጭ ደህና ሰንብት» ዓይነት ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ያልገባበት ሰው ያለ አይመስለኝም። አንዱ ሻይ ይሸጣል፣ ሌላው ዱቄት፣ ሌላው ጠብታ። ከጎኑ ሁለት ፎቶ አለ፤ «በፊት» እና «በኋላ»። ሦስተኛው ፎቶ ግን የለም። ያው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል ማንም አያሳየንም። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚያ ስለጎደለው ፎቶ ነው።

«አረካ ተቀምጠህ ስለ ውፍረት ትጽፋለህ እንዴ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ወላይታ ምድሩ ለምለም ሆኖ ሰው የሚራብበት፣ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም የተሰጠው አካባቢ ነው። ቦሎሶ ሶሬ ላይ መሬቱ ጠባብ፣ ሰዉ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች መካከል 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በታች የከሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ከመጠን በላይ የወፈሩት 8 በመቶ ነበሩ። ነገር ግን በ2000ው ጥናት ይኸው ቁጥር 3 በመቶ ብቻ ነበር። ረሃቡ ሳይወጣ ውፍረቱ ገብቷል ማለት ነው።

ደግሞም ሁለቱ እንደምናስበው የተራራቁ አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 45 በነበረው ክረምት ኔዘርላንድስ በረሃብ ተመታች። ያኔ በማኅፀን የነበሩ ልጆች አድገው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ደከም ያለ ሆኖ ተገኘ፤ በተለይም ከወፈሩ። እኛ ዘንድ በ77ቱ ድርቅ የተወለደው ልጅ ዛሬ አርባ ዓመት ሞልቶታል። ሱቅ ከፍቷል፣ ባጃጅ ገዝቷል፣ ቢሮ ገብቷል፣ ቦርጭም አውጥቷል። ሐኪሙ «ስኳር አለብህ፣ ክብደት ቀንስ» ይለዋል። ብዙዎች ይቀንሳሉም። ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

ለምን ይመለሳል? የተለመደው መልሳችን «ሰነፈ፣ ሆዱ አሸነፈው» የሚል ነው። ማስረጃው ግን ሌላ ይላል።

አሜሪካ ውስጥ «ዘ ቢገስት ሉዘር» የሚባል የቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር ነበር። ተመራማሪዎች 14 ተወዳዳሪዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ መልሰው መረመሯቸው፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። በ30 ሳምንት ውስጥ በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው ነበር። ከዚያ ውስጥ 41 ኪሎው ተመልሷል። ይበልጥ የሚያስገርመው ሌላው ግኝት ነው። ሰውነታቸው ዕረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያቃጥለው ጉልበት፣ ለክብደታቸውና ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ገደማ ያነሰ ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላም ቢሆን!

አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናትም አለ። በ10 ሳምንት ጥብቅ አመጋገብ ክብደት የቀነሱ ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ከፍ እንዳለ፣ የጥጋብን መልእክት የሚያደርሰው ሌፕቲን ደግሞ ዝቅ እንዳለ ነበር። ሰውነት የቀነሰውን ክብደት እንደ ድል አያየውም፤ ድርቅ ገባ ብሎ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ወጪውን ይቀንሳል፣ ምግብ ፍለጋውን ያበረታል።

አሁን ገነው የወጡት መርፌዎች እንኳ ከዚህ አያመልጡም። ኦዜምፒክ ውስጥ ያለውን ሴማግሉታይድ የተባለ መድኃኒት ለክብደት ሲወስዱ ቆይተው ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል።

ታዲያ ተስፋ እንቁረጥ? በፍጹም። በስኮትላንድና በእንግሊዝ በተካሄደ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ሰዎች በጤና ባለሙያ ክትትል ክብደት ቀነሱ። ቢያንስ 10 ኪሎ ቀንሰው እስከ ሁለት ዓመት ካቆዩት መካከል 64 በመቶዎቹ የስኳር መጠናቸው ያለ መድኃኒት ከበሽታው ወለል በታች ሆነ። (ይህን አንብቦ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ የሚያቆም እንዳይኖር አደራ፤ እሱን ከሐኪም ጋር ነው።) ልብ በሉ፤ ጥቅሙ ያለው በመጠበቁ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን እንምጣ። ሰውነቱ ሌት ተቀን እንዲመለስ የሚገፋውን ሰው እኛ ደግሞ በሌላ በኩል እንገፋዋለን።

አንድ ሰው በሐኪም ምክር 15 ኪሎ ቢቀንስ መንገድ ላይ ምን ይገጥመዋል? «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» «ውይ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽው?» መክሳት በአእምሯችን የቲቢ፣ የኤችአይቪና የማጣት ምልክት ሆኖ ተቀርጿል። ከዓመት በኋላ ኪሎው ሲመለስ ግን «አሁን ተመቸህ፣ አማረብህ!» እንለዋለን። በጠበቀ ጊዜ አዝነንለት፣ በተሸነፈ ጊዜ እንሸልመዋለን።

ማዕዱስ? በመስከረም የጊፋታ ሰሞን ዓመቱን ሙሉ በተቆጠበ ገንዘብ ሰንጋ ይጣላል፤ ቁርጡ ከዳጣ ጋር፣ ሙቹዋው በቅቤ ይቀርባል። የምንወደው፣ የምንኮራበት ነገር ነው፤ ይቅር የሚል ካለ እኔ የለሁበትም። ጊፋታ በዓመት አንዴ ነው፤ የሚያወፍረንም እሱ አይደለም። የሚያወፍረን በየሠርጉ፣ በየልቅሶው፣ በየምርቃቱ «አፈር ስሆን!» እየተባለ የሚጨመረው፣ በየቀኑ በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣው ሻይና ለእንግዳ ክብር የሚከፈተው ለስላሳ ነው። «በቃኝ» ማለት ንቀት ይመስለናል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ያደገ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ጉርሻ እየመለሰ እንዴት ይኖራል?

ቀንሰው ያቆዩትስ ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ መዝገብ አለ። የሚመዘገበው ቢያንስ 13.6 ኪሎ ቀንሶ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ያቆየ ሰው ነው፤ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዝግበውበታል። በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ስለሆኑ ሁሉን ሰው አይወክሉም። ቢሆንም የሚያመሳስላቸው ነገር ትምህርት ይሰጣል። አብዛኞቹ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፣ በብዛትም በእግራቸው ይሄዳሉ። ሦስት አራተኛዎቹ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይመዘናሉ። በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም አበላላቸውን የማይለዋውጡት የተሻለ ይጸናሉ። ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ያቆየ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጽናት ዕድሉ በጣም ይጨምራል።

ከዚህ ውስጥ አረካ ላይ የማይገኝ የቱ ነው? ሚዛኑ አስፋልት ዳር ሕፃናት ይዘውት በጥቂት ብር ይመዝናሉ። መንገዱ አለ፤ የጎደለው በእግሩ የሚሄደውን «ባጃጅ አጣ» ብለን አለማየታችን ነው። ጎመኑ፣ ቦይናው፣ ባቄላው ከጓሮና ከገበያ አይጠፋም።

ጾምን የምናውቅ ሕዝብ ነን። ችግሩ ክብደት መቀነስን እንደ ጾም መያዛችን ነው፤ ቀን ቆጥረን ገብተን፣ ቀን ቆጥረን እንፈስካለን። የቀነሱትን ማቆየት ግን ፍስክ የለውም። ስለዚህ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊኖርበት በሚችለው ልክ መጀመር አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ለጤና ተቋሞቻችን፦ ሕፃናትን በየጊዜው የሚመዝን ሥርዓት ዘርግተናል። የስኳርና የደም ግፊት ታካሚም በየቀጠሮው ይመዘን፣ ኪሎው ካርዱ ላይ ይጻፍ። «ስንት ቀነስክ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ወር አቆየኸው?» ተብሎም ይጠየቅ። ሁለት ኪሎ ሲመለስ መያዝና ሃያ ኪሎ ሲመለስ መያዝ አንድ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ለገዢዎች፦ ማቅጠኛ የሚሸጥላችሁን ሰው ሦስተኛውን ፎቶ ጠይቁት። ከሌለው ገንዘባችሁን ያዙ።

ሦስተኛ፣ ለሁላችንም፦ ሰውን ስናገኝ ሰላምታችን ከገላው አይጀምር። «እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና?» ይበቃል። ማዕድ ላይም «በቃኝ» ያለን ሰው አንዴ ለምነን እንተወው። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ ከወረዳም ደብዳቤ አያስፈልገውም። ከሰውነቱ ጋር ዓመታት ለሚታገል ሰው ግን ቢያንስ ከእኛ ጋር ከመታገል ያሳርፈዋል።

ሰላም ሁኑልኝ።