ስማቸው ከመዝገብ የቀረ አፍሪካውያን ዘማቾች

እ.ኤ.አ በጥር 2025 በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን ከተማ የ1 ሺህ 772 ሰዎችን ስም የያዘ መታሰቢያ ተመርቋል። ሰዎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአፍሪካ ምድር ለብሪታንያ ጦር በጉልበት ሥራ አገልግለው የሞቱና የታወቀ መቃብር የሌላቸው ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ናቸው። በስማቸው ለመታወስ ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ የጠበቁት ያልታወቁ ሆነው ሳይሆን ስማቸውን የያዙት ሰነዶች ፈላጊ በማጣታቸው ነበር።

በቅኝ ግዛት ዘመን በተካሄዱ ጦርነቶች የተሰለፉ ሰዎችን የአገልግሎትና የሜዳይ መዝገብ የማፈላለግ ሥራ ለብዙዎች የቤተሰብ ታሪክ ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ የኬፕታውኑ መታሰቢያ እንደሚያመለክተው መዝገብ ማን እንደሚታወስና ማን እንደሚረሳ የሚወስን የፍትሕ ጉዳይ ጭምር ነው።

ለአንድ ብሪታንያዊ ወታደር ዘር ፍለጋው የተጠረገ መንገድ አለው። በሜዳዩ ጠርዝ ላይ የተሸላሚው መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና የጦር ክፍል ተቀርጾ ይገኛል። ይህን የያዘ ሰው ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከተቀመጡት በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሜዳይ መጠቆሚያ ካርዶች መካከል የአያቱን ካርድ ያገኛል፤ ካርዱ ደግሞ ወደ ሜዳይ ተቀባዮች ዝርዝር ይመራዋል። ሆኖም እዚያም ቢሆን መንገዱ ሁልጊዜ ሙሉ አይደለም። እ.ኤ.አ በመስከረም 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች ባደረሱት ድብደባ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከተሰለፉት ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት የአገልግሎት ማኅደሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተቃጥለዋል።

የአፍሪካዊው ዘማች ችግር ግን ከእሳት በፊት ይጀምራል። በምሥራቅ አፍሪካ ግንባር ከጀርመን ጋር በተደረገው ጦርነት ስንቅና ጥይት በጀርባቸው እንዲሸከሙ የተመለመሉት ሰዎች ቁጥር እስከ 1 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ከእነዚህም ከ90 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአብዛኛው በበሽታ፣ በረሃብና በድካም አልቀዋል። ብዙዎቹ በጸሐፊው ጆሮ እንደተሰማ በተጻፈ ስም የተመዘገቡ ናቸው። አንዱ ስም በተለያየ መንገድ ተጽፎ መገኘቱ፣ የአባት ስም መጓደሉና የትውልድ መንደር አለመጠቀሱ ለዛሬው ፈላጊ ትልቅ መሰናክል ሆኗል።

ልዩነቱ በሽልማቱም ላይ ይታያል። የብሪታንያ የጦርነት ሜዳይ ለወታደሮች ከብር ሲሠራ፣ ለቻይና፣ ለማልታና ለሕንድ የጉልበት ሠራተኞች ጓዶች የተሰጠው ከነሐስ የተሠራ ነበር። ወደ ፈረንሳይ ለዘመቱት ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ሠራተኞች ደግሞ የወቅቱ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ሜዳይ ከመስጠት ተቆጥቧል። በመሆኑም የእነርሱን ስም በሜዳይ መዝገብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የመዝገብ ጉድለት በኑሮ ላይም ጉዳት አድርሷል። በምሥራቅ አፍሪካ የሞቱ በርካታ ተሸካሚዎች ደመወዝ ወራሾቻቸው ሊገኙ አልቻሉም በሚል ሳይከፈል ቀርቷል። ስም በአግባቡ ባለመጻፉ ባል ያጣች ሴት ከሐዘኗ ሌላ የባሏን ላብ ዋጋም አጥታለች ማለት ነው።

የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2021 ይፋ ያደረገው ሪፖርት ይህንኑ አረጋግጧል። በሪፖርቱ መሠረት ከ45 ሺህ እስከ 54 ሺህ የሚሆኑ አፍሪካውያን፣ እስያውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ተወላጆች ከሌሎች ጋር በእኩልነት አልታወሱም። ቢያንስ 116 ሺህ፣ ምናልባትም እስከ 350 ሺህ የሚደርሱት ደግሞ በስማቸው ወይም ጨርሶ አልታወሱም። ኮሚሽኑም ለዚሁ ይቅርታ ጠይቋል።

ይሁንና ይቅርታ ብቻውን ስም አይመልስም። የሜዳይ መዝገብ የሌለው ሰው በሌላ ወረቀት ላይ ሊገኝ ይችላል። የደመወዝ ደብተሮች፣ የሆስፒታልና የቀብር ዝርዝሮች፣ የአካባቢ አስተዳደር ደብዳቤዎችና የሚስዮን መዛግብት በጥንቃቄ ሊመረመሩ ይገባል። ከሁሉም በላይ የአረጋውያን ትውስታ ከነተናጋሪው ከማለፉ በፊት መመዝገብ ይኖርበታል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። ከኬንያ ተነስተው እ.ኤ.አ በ1941 የፋሺስት ኢጣሊያን ጦር ለማስወጣት ከተሰለፉት መካከል የምሥራቅ አፍሪካ፣ የናይጄሪያና የጎልድ ኮስት ወታደሮች ይገኙበታል። ከድል በኋላ ለኢትዮጵያውያን አርበኞችም ሜዳይ ተሰጥቷል። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ሜዳይ ከባለታሪኩ ሙሉ ስም፣ ከዘመተበት ሥፍራና ከአዝማቹ ስም ጋር ካልተመዘገበ ግን ትውልድ ሲያልፍ ታሪክ የሌለው ብረት ሆኖ ይቀራል።

በናይሮቢ ካሪያኮር፣ በዳሬሰላም ደግሞ ካሪያኩ የሚባሉ ሠፈሮች አሉ። ሁለቱም መጠሪያቸውን ያገኙት ከእነዚያ የተሸካሚዎች ጓዶች የእንግሊዝኛ ስም ነው። በየዕለቱ በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚገበያይባቸው እነዚህ ሠፈሮች የጓዱን ስም እስከ ዛሬ ይዘው ቆይተዋል። የሰዎቹን ስም የመመለሱ ኃላፊነት ግን መዛግብቱን በእጃቸው በያዙ መንግሥታት፣ በተመራማሪዎችና በቤተሰቦች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው።