ጥቁር ፊትም ከለላ ይፈልጋል

«የእኛን ቆዳ ፀሐይ አይበግረውም» የማይባልበት ቤት የለም። ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት የፈረንጅ ነገር ነው ተብሎ ሰዉ በባዶ ፊቱ ቀትር ላይ ይውላል። ያው ሰው ጉንጩ ላይ ማዲያት ሲወጣበት ግን ከለላ አይፈልግም፤ ፊት ያጠራል የተባለ ክሬም ፍለጋ ይሮጣል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ የመጀመሪያውን ጉዳት ያከፋዋል።

መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም የሚነግሠውን ሕዝብ እናስተውል። ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ፣ ገደሉን ወጥቶ፣ መስቀል ቅርፅ ካለው አምባ ላይ የደረሰው ምእመን ዝማሬውና ስብከቱ እስኪያልቅ ጠራራ ላይ ይቆማል። ሴቷ አናቷን በነጠላ ሸፍናለች፤ ወንዱ ነጠላውን አጣፍቶ በሥርዓቱ መሠረት ራሱን ገልጧል። የሁለቱም ግንባር፣ አፍንጫና ጉንጭ ግን ለፀሐይ ክፍት ነው። አምባው ወደ 3000 ሜትር ከፍታ ይጠጋል። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ግሸን ላይ የሚያርፈው ጨረር ሐይቅ ዳር ከሚያርፈው ይበረታል። በዚያ ላይ በመስከረም ማለቂያ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ይጠራል፤ የቀትሯ ፀሐይም በአናት ትክክል ልትሆን ጥቂት ነው የሚቀራት። የሚያዘናጋን ብርዱ ነው። ጨረሩ አይታይም፣ ሙቀትም የለውም፤ ስለዚህ የደጋው ነፋስ ፊታችንን ሲያቀዘቅዘው ፀሐይዋ የደከመች ይመስለናል። ስስ ደመና እንኳ አብዛኛውን ጨረር ያሳልፈዋል።

ጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ አለው ለሚለኝ ሰው መልሴ «አዎ፣ አለው» ነው። ሜላኒን የሚባለው ቀለም ጨረሩን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት እንደለካው፣ ቆዳ ከሚያሳርረው ዩቪቢ የሚባል ጨረር ውስጥ የነጭ ሰው የላይኛው ቆዳ 24 በመቶ ሲያሳልፍ የጥቁር ሰው 7.4 በመቶ ብቻ ያሳልፋል። ወደ ውስጥ ጠልቆ ቆዳን የሚያስረጀው ዩቪኤ ግን በጥቁር ቆዳም 17.5 በመቶ ያህሉ ያልፋል። ይህ ጥበቃ ትልቅ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። በየቀኑ የሚያልፈው ጥቂት ጨረር ቆዳን አጥብቆ የያዘውን ኮላጅን እየበጠሰ ለዓመታት ይጠራቀማል። በእኛ ፊት ላይ መጀመሪያ የሚታየው መጨማደድ ሳይሆን የቀለም መዛባት ነው፤ ማዲያት፣ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጥብ፣ የደበዘዘ ግንባር። መጨማደዱ ዘግይቶ ስለሚመጣ «ፀሐይ አልነካንም» እንላለን።

ዩቪኤ በመስታወትም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት 28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ አትሞ ነበር። በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ጉንጩ በጥልቅ ተሸብሽቦ ሲታይ ቀኙ የሌላ፣ በዕድሜ ያነሰ ሰው ፊት ይመስላል። ሰውየው ነጭ ነው፤ የእኛ ሹፌር የዚያን ያህል አይጎዳም። ነገር ግን ከደሴ ወልድያ ሲመላለስ የሚውል ሹፌርም ግራ ጉንጩን ለዚያው ጨረር ሰጥቶ ነው የሚውለው።

አሁን ወደ ክሬሙ ልምጣ፤ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ፊት ያጠራሉ እየተባሉ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት ውስጥ ሃይድሮኪኖን ያላቸው አሉ፤ እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ ያላቸው አሉ፤ ኩላሊት የሚጎዳ ሜርኩሪ የተገኘባቸውም አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ሃይድሮኪኖንን ከቆዳ መዋቢያ ቅባቶች ያገደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ያለ ሐኪም ክትትል ለዓመታት ሲቀባ ፊትን ሊለቅ የማይፈልግ ሰማያዊ ጥቁረት ሊያለብስ ይችላል። ስቴሮይዱ ደግሞ ቆዳውን እያሳሳ የደም ሥሩን ያወጣዋል። ሁሉም የሚጋሩት ግብ ሜላኒኑን መቀነስ ነው፤ ማለትም ያለንን ዋና የተፈጥሮ ከለላ ማንሣት። ቤቱ አፈሰሰ ብሎ ክዳኑን እንደ መግፈፍ ነው። ከዚያ በኋላ ክሬሙን የተቀባችው ሴት በዚያው ቀትር ስትወጣ ማዲያቱ ብሶ ይመለሳል፤ እሷም ተጨማሪ ክሬም ትገዛለች። ማዲያት ከእርግዝናና ከሆርሞን ጋርም ይያያዛል፤ ይሁን እንጂ ፀሐይ ካልተከለለ የትኛውም ሕክምና አይጸናም።

«እንግዲያው ከፀሐይ እንሽሽ?» ለሚል፣ በፍጹም። ቫይታሚን ዲን ሰውነታችን የሚሠራው በፀሐይ ነው። እናቶቻችን ሕፃን ጠዋት ፀሐይ ማሞቃቸው ትክክል ነው፤ ቤት ውስጥ ተሸፋፍኖ የሚያድግ ልጅ አጥንቱ በሪኬትስ ሊጣመም ይችላል። ግሸን ላይ በብርድ ያደረ ምእመንም ማለዳ ፀሐይ ሲሞቅ የሚሰማው ደስታ ሊነፈገው አይገባም። ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። ጨረሩ የሚከፋው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሰዓት ለሌለው መለኪያው መሬት ላይ አለ፤ መሬት ላይ የሚያርፈው ጥላችን ከቁመታችን ሲያጥር መከለል አለብን።

«የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውድ ነው» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ ስለዚህ መጀመር ያለብን ከጨርቅ ነው። ነጠላውን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩት፤ በድርና ማጉ መካከል ብርሃን ካለፈ ጨረርም ያልፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሻላል፤ ኩታና ጋቢ የበለጠ ይከላከላሉ። በመንገድ ላይ ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጃንጥላ ይያዝ። አቅም ያለው ሰው የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 የሆነ ቅባት ቢመርጥ 97 በመቶ ያህል ዩቪቢ ይከላከልለታል፤ ግን ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ መቀባትና በየ2 ሰዓቱ መድገም አለበት። ማዲያት ያለበት ደግሞ ቡናማ ቀለም ያለውን፣ ማለትም የብረት ኦክሳይድ የተጨመረበትን ይፈልግ፤ ጥቁር ቆዳን የሚታየው ብርሃን ራሱ ያጠቁረዋልና፣ ቀለም የሌለው ቅባት ያንን አያግድም። በአውስትራሊያ 903 ሰዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት፣ በየቀኑ የተቀቡት እንደ ፈቀዳቸው ከሚቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። የተጠኑት በአብዛኛው ነጮች ቢሆኑም፣ ልማዱ እርጅናን እንደሚያዘገይ ማስረጃ ነው።

«እኛን አይመለከትም» የሚለው አባባል ከሁሉ በላይ የሚጎዳው አልቢኒዝም ያለባቸውን ወገኖቻችንን ነው። ሜላኒን የላቸውም ወይም እጅግ ጥቂት ነው፤ ለእነሱ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከቆዳ ካንሰር መዳኛ ነው። እኛ የቅንጦት ዕቃ እያልን በናቅነው ቁጥር ለእነሱ የሚጮኽ ሰው ይጠፋል።

ስለዚህ የጉዞ ማኅበራት ለተሳላሚው ስለ ጫማና ስለ ስንቅ እንደሚነግሩት ስለ ጃንጥላም ይንገሩት። ንግሥ የሚያዘጋጁ አባቶችና ኮሚቴዎች ለአረጋውያንና ለሕፃናት ዳስ ይጣሉ። ፋርማሲስቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ አይሽጥ። እኛም ለማጥሪያ ክሬም የምናወጣውን ገንዘብ አስቀድመን ለባርኔጣና ለጃንጥላ እናውጣ። ጥቁር ቆዳችን ከጥንቃቄ ነፃ ባያወጣንም በነፃ ያገኘነው ጥበቃ ነው፤ ያንን ጥበቃ በገንዘባችን እየገፈፍን ፀሐይን መውቀስ ይብቃ።